አንቀጽ 20 ያልኳት እኔ ነኝ

ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት የላቸውም። ተደራራቢ ግብርን ለማስቀረት ከብዙ አገሮች ጋር ተፈራርመናል፤ ከአሜሪካ ጋር ግን አልተፈራረምንም። ይህን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። እኔ ግን በሒሳብ ሥራ ፀጉሬ የሸበተ ሰው፣ የጎረቤቴ ልጅ ከአሜሪካ ደውላ ስትጠይቀኝ «አለ» አልኳት። ብሎ መቅረትም አንድ ነገር ነበር፤ የአንቀጹን ቁጥር ሳይቀር ነገርኳት።

ይህን የምጽፈው ለእሷ ብዬ አይደለም። እሷ ነገሩን ከነጓዙ ታውቀዋለች፤ ይቅርታም ጠይቄያታለሁ። ያን ሰሞን ግን ያንኑ ምክር የሰጠኋቸው ሌሎች ልጆች ነበሩ። የአንዳንዶቹን ስም እንኳ አላውቅም፤ «የእገሌ ልጅ»፣ «የእገሊት እህት» ተብለው ነው ስልኩ የተሰጠኝ። ሰፈራችን ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ወላጆቻቸው ተበታተኑ። ገላን ጉራ የገባ አለ፤ ዘመድ ተጠግቶ የቀረ አለ፤ የት እንደደረሰ የማላውቀውም አለ። በር አንኳኩቼ «ያልኩትን ተዉት» እንዳልል በሩ ራሱ የለም። ስለዚህ በአደባባይ መናዘዝ ግድ ሆነብኝ።

ቢሮዬ ከቶታል ገባ ብሎ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ደንበኞቼ ባለ ሱቅ፣ ባለ ጋራዥ፣ ባለ ምግብ ቤት፣ አብዛኞቹ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ግብር ከፋዮች ነበሩ። ሐምሌ ሲገባ የደረጃ «ሐ» ነጋዴ ደረሰኙን በፌስታል ይዞ ደረጃዬ ላይ ይሰለፍ ነበር። ሙያዬን አውቀዋለሁ ብዬ የማምነውም ለዚህ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በእጄ አርጅቷል፤ የትኛው ንዑስ አንቀጽ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ሳልገልጥ እናገር ነበር።

ደግሞም በካዛንቺስ «በስምምነት ከግብር ነፃ» የሚባል ነገር ብርቅ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደጃችን ላይ ነው። እዚያ በሠራተኛነት የተቀጠረ ኢትዮጵያዊ ጎረቤታችን ከድርጅቱ በሚያገኘው ደመወዝ ላይ ለመንግሥት የሥራ ግብር አይከፍልም፤ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የመብትና የጥበቃ ስምምነት ነው ነፃ ያደረገው። ኤምባሲ የሚሠራው ሌላው ጎረቤታችን ግን፣ ኤምባሲው ቆርጦ ባይከፍልለትም፣ ግብሩን ራሱ አስታውቆ ይከፍላል። ሁለቱ አንድ ጀበና ከበው ሲከራከሩ ስንቴ ገላግያለሁ። «ነገሩ የውጭ ድርጅት የመሆን ጉዳይ አይደለም፤ ወረቀቱ ምን ይላል ነው» እላቸው ነበር። ይህን ለሌላ የምመክር ሰው ነኝ ወረቀቱን ሳላይ የተናገርኩት።

ልጅቷ እ.ኤ.አ. በ2016 ለማስተርስ አሜሪካ ሄደች። የአሜሪካ ጉዳይ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። በ2018 ግንቦት ላይ ተመረቀች፤ ኦፒቲ በሚሉት፣ ተማሪ ከተመረቀ በኋላ በተማሪነት ቪዛው በሙያው እንዲሠራ በሚያስችለው ፈቃድ ሥራ ያዘች። ፈቃዱ ለ12 ወር ነው፤ የሳይንስና የምህንድስና ምሩቅ ለሆነ ሌላ 24 ወር ይጨመርለታል። ደመወዟ በዓመት 60 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በ2019 መጀመሪያ፣ ግብር የሚታወቅበት ወቅት ሲደርስ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ አብሮኝ የሚሠራው የህንድ ልጅ በስምምነት ግብሩ ይቀንስለታል። ቻይናዊቷም 5 ሺህ ዶላር ነፃ አላት። የእኛስ ስምምነት ምን ይላል?»

የነገረችኝ ሁሉ እውነት ነበር። አሜሪካና ህንድ በ1989 የተፈራረሙት ስምምነት በአንቀጽ 21 ህንዳዊው ተማሪ እንደ አገሬው ሰው መደበኛውን ተቀናሽ እንዲጠቀም ይፈቅድለታል። የቻይናው የ1984 ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 20 ተማሪው ሠርቶ ከሚያገኘው ላይ በዓመት 5 ሺህ ዶላር ከግብር ነፃ ያደርግለታል። መደበኛ ተቀናሽ ማለት ግብሩ ሳይሰላ ከገቢው ላይ የሚነሳ ሒሳብ ነው፤ በ2018 ላላገባ ሰው 12 ሺህ ዶላር ነበር። በግብር ሕጉ «ነዋሪ ያልሆነ» የሚባል የውጭ ተማሪ ይህን አያገኝም። ቀድሞ ለእያንዳንዱ ሰው የሚነሳ ሌላ ነፃ መጠን ነበረ፤ እሱም ከዚያው ከ2018 ጀምሮ ዜሮ ተደረገ። ስለዚህ ስምምነት የሌለው አገር ልጅ ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ ይከፍላል። እኩል 60 ሺህ ዶላር እያገኙ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ወጣቶች፣ ህንዳዊው በዚህ ተቀናሽ ብቻ 2 ሺህ 640 ዶላር ያነሰ የፌዴራል ግብር ይከፍላል ማለት ነው። ልጅቷ መጠየቋ ተገቢ ነበር።

እኔስ ምን አደረግሁ? ከቻይና በ2009፣ ከህንድና ከእንግሊዝ በ2011 የተፈራረምናቸውን ስምምነቶች ለደንበኛ ጉዳይ አገላብጬ አውቃለሁ። አገሮች ሲዋዋሉ በአብነት የሚይዙት የኦኢሲዲ ሞዴል ስለ ተማሪዎች የሚናገረው በአንቀጽ 20 እንደሆነም አውቃለሁ። ከእነዚህ ሁሉ ጋር የተፈራረምን ከአሜሪካ ጋር እንዴት ሳንፈራረም እንቀራለን አልኩ በልቤ። መመልከት ሲገባኝ ገመትኩ።

«አለን እንጂ የኔ ልጅ! አንቀጽ 20 ብለሽ ሙዪ። ሁለት ዓመት ነፃ ነሽ።»

ሁለት ዓመቱን ከየት እንዳመጣሁት ቆይቶ ነው የገባኝ፤ በብዙ ስምምነቶች ውስጥ ለመምህራንና ለተመራማሪዎች የሚሰጥ የጊዜ ገደብ ነው። የሌላውን አንቀጽ ጅራት ከዚህኛው ራስ ላይ ቀጠልኩት።

ነዋሪ ያልሆነ ሰው የሚሞላው ቅጽ 1040-ኤንአር ይባላል። በስምምነት ነፃ ነኝ ለሚል ሰው አራት ነገር ይጠይቃል፦ አገር፣ የስምምነቱ አንቀጽ፣ ባለፉት ዓመታት የተጠቀመበት ወር፣ ነፃ የሚሆነው ገንዘብ። ልጅቷ ሞልታ ፎቶውን ላከችልኝ። «ኢትዮጵያ» ይላል፤ ቀጥሎ «20»፤ ቀጥሎ «0»፤ ቀጥሎ የግማሽ ዓመት ደመወዟ ሙሉውን። መነጽሬን አድርጌ አየሁት፤ «ግሩም ነው» ብዬ መለስኩላት።

ተመላሹ ገንዘብ መጣላት። ቅጹን መጀመሪያ የሚያየው ማሽን ነው፤ የተጻፈውን አምኖ ይከፍላል፣ ጥያቄው ኋላ ይመጣል። እሷም የደረሳትን ከፍላ ለታናሽ ወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ ላከች። እናቷ በፋሲካ ማግስት ዶሮ ወጥ በሳህን ከድና ቢሮዬ ድረስ አመጣችልኝ። «አንተ እያለህ ልጄ ማንን ትጠይቃለች?» አለችኝ። በላሁ፤ ጣቴን እየላስኩ በላሁ። በቀጣዩ ዓመት ለ2019 ገቢም ያንኑ አስሞላኋት።

ደብዳቤው የመጣው በ2021 ነው። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት አይአርኤስ የጠቀሰችውን ስምምነት እንደማይቀበል ገልጾ፣ የተመለሰላትን ገንዘብ ከወለድና ከቅጣት ጋር ጠየቃት። መልስ ካላት በ30 ቀን ውስጥ እንድትሰጥ ይላል። ድምጿ እየተንቀጠቀጠ አነበበችልኝ። የሥራ ቪዛ ለመቀየር በሂደት ላይ ስለነበረች ከገንዘቡ ይልቅ ያስጨነቃት የስሟ ነገር ነበር።

እስከዚህ ያለው ስህተት ነው። ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ግን ኃጢአት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። «ተሳስቼ ይሆናል፣ ፈጥነሽ እዚያ ያለ ባለሙያ አማክሪ» ማለት ሲገባኝ፣ «ቆይ፣ እንዳትመልሺላቸው፣ እኔ ሰነዱን አገኝልሻለሁ» አልኳት። ለእሷ መፍትሔ እየፈለግሁ አልነበረም፤ ለራሴ ማምለጫ ነበር የምፈልገው። ፈልጌም አንድ ነገር አገኘሁ። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1951 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመ፣ በ1953 የጸና የኢትዮጵያና የአሜሪካ የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ስምምነት አለ። ሳየው በደስታ ከወንበሬ ተነሳሁ። «ይኸው! በጃንሆይ ዘመን የተፈረመ!» ብዬ ጽሑፉን ላኩላት።

ያ ስምምነት ስለ ንግድ፣ ስለ ቆንስላ፣ አንዱ አገር የሌላውን ዜጋ እንዴት እንደሚይዝ የሚናገር ነው። ኢትዮጵያዊ ተማሪ ተመርቆ ሲሠራ ከደመወዙ ግብር አይከፍልም የሚል ቃል አንድም ቦታ የለውም። ይህን የማይረዳ ሰው አይደለሁም፤ አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ ባነበው ይገባኝ ነበር። ላለማንበብ ነው የሮጥኩት። እኔ ከሰባ ዓመት በፊት ከነበረ ወዳጅነት ነፃነት ስቆፍር የተሰጣት ቀን አለፈ። ወለዱ በየቀኑ ይወልዳል።

የጨረሰችው ራሷ ናት። አይአርኤስ የትኛው አገር ምን ስምምነት እንዳለው የዘረዘረበት 901 የተባለ ሕትመት አለው፤ ማንም በነፃ የሚያገኘው ነው። አንድ ማታ ከፍታ በእንግሊዝኛው ፊደል ቅደም ተከተል አነበበችልኝ።

«ጋሼ፣ ግብፅ ይላል። ቀጥሎ ኢስቶኒያ። ቀጥሎ ፊንላንድ። እኛ መካከላቸው መሆን ነበረብን፤ የለንም።»

ከአፍሪካ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ያላቸው ግብፅ፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዚያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ልጅቷን ላም አለኝ በሰማይ አስብዬ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ያኖርኳት። ዕዳውን በየወሩ ለመክፈል ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ተስማማች። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ስልክ መደወል ግን ቀነሰች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ፣ የማይገባት ገንዘብ መጥቶላት መለሰች፣ የእኔ ጥፋት ቅጣቱና ወለዱ ነው እል ነበር። በ2023 ግን፣ እንደ ንስሐ ቆጥሬው፣ ስለ ውጭ ዜጎች ግብር የሚያስረዳውን 519 የተባለውን ሌላውን የአይአርኤስ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ጀመርኩ። እዚያ ውስጥ ያገኘሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

በኤፍ-ዋን የተማሪ ቪዛ ያለና በግብር ሕጉ ገና ነዋሪ ያልሆነ ሰው፣ በተፈቀደለት ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር የሚባሉትን መዋጮዎች አይከፍልም። ኦፒቲም የተፈቀደ ሥራ ነው። ይህ ነፃነት የአሜሪካ የራሱ ሕግ ነው፤ ስምምነት አይጠይቅም። ህንዳዊ፣ ቻይናዊ፣ ኢትዮጵያዊ ብሎ አይለይም። ተማሪው ነዋሪ ሳይባል የሚቆየው በአብዛኛው ለአምስት የቀን መቁጠሪያ ዓመት ስለሆነ፣ በ2016 የገባችው ልጅ እስከ 2020 መጨረሻ ነፃ ነበረች። ደመወዝ የሚሠራው ክፍል ይህን ሳያውቅ ለሁሉም ሠራተኛ እንደሚቆርጠው ይቆርጣል፤ ባለጉዳዩ ካልጠየቀ የሚያስታውስ የለም።

ይህን ሳነብ ቀድሞ የላከችልኝ የደመወዝ ወረቀት ትዝ አለኝ። ስልኬ ውስጥ ፈልጌ አወጣሁት። ሁለቱ መስመሮች ተጽፈዋል፦ ሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 በመቶ፣ ሜዲኬር 1.45 በመቶ። በጊዜው አይቻቸው ነበር። ሲደመሩ 7.65 በመቶ ይመጣሉ፤ እዚህ አገር ከግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ የሚቆረጠው 7 በመቶ ነው። «ይኼ የእነሱ ጡረታ ነው፤ የትም አለ» ብዬ አልፌያቸው ነበር። የሌለውን ነፃነት ሰጥቼያት ያለውን ዓይኔ ሥር አሳለፍኩባት።

በ60 ሺህ ዶላር ደመወዝ ላይ ይህ በዓመት 4 ሺህ 590 ዶላር ነው። የማስመለሻው ጊዜ ገደብ አለው፤ ከተቆረጠበት ዓመት ቀጥሎ ካለው ኤፕሪል 15 ሦስት ዓመት ይቆጠራል። እኔ በ2023 ክረምት ስደርስበት የ2018 እና የ2019 ቀኑ አልፎበታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏችኋል ይህ ነው። የ2020 ብቻ ቀርቶ ነበር። ደወልኩላት፤ በመጀመሪያ አሠሪዋን ጠየቀች፣ አንመልስም አሏት። ከዚያ ፎርም 843ን ከፎርም 8316 ጋር አያይዛ ለአይአርኤስ አስገባች፤ ብዙ ወር ቆይቶ ተመለሰላት። ያመለጠው የአንድ ዓመት ተኩል መዋጮ ግን 6 ሺህ 885 ዶላር ገደማ ነው። «ለጡረታዋ ይቆጠርላት ይሆናል» ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። በአሜሪካ ያንን ጡረታ ለማግኘት በጥቅሉ የአሥር ዓመት ሥራ እንደሚጠይቅ ሳነብ ተውኩት።

ለምን እንዲህ አደረግሁ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ዕውቀት ማነሱ አንድ ነገር ነው፤ የአሜሪካ ግብር የእኔ ሙያ አይደለም፣ አለማወቄም አያሳፍርም ነበር። የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ባለ ጋራዡ የኪራይ ግብሩን ሲጠይቀኝ፣ መልሱን በቃሌ ባውቀው እንኳ አዋጁን ገልጬ በጣቴ እያሳየሁ ነው የምነግረው። ገንዘብ ይከፍለኛልና፣ ብሳሳት ደግሞ ቢሮዬ መጥቶ ይጮህብኛልና። ይህችን ልጅ ግን አንሶላ ለብሳ ግቢያችን ውስጥ ስትሮጥ ነው የማውቃት። እንደ ልጄ ስለምቆጥራት ምክሬን በነፃ ሰጠኋት፤ በነፃ ስለሰጠሁ ደግሞ ሳላጣራ ሰጠሁ። ለባዳው የምጠነቀቀውን ያህል ለወገኔ አልተጠነቀቅኩም። ከብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ጋር ሳወራ ይህ የእኔ ብቻ ገመና እንዳልሆነ ተረድቻለሁ፤ ሐኪሙም ጠበቃውም ለዘመድ በስልክ የሚናገረውን ለታካሚና ለባለጉዳይ አይናገርም።

ቅጣቱንና ወለዱን ልክፈል ብዬ ሽማግሌ ሳልልክ ራሴ ሄድኩ። እናቷ «ሰው በምክሩ ዕዳ ይገባል እንዴ?» ብላ ተቆጣች። ልጅቷ በስልክ እየሰማች ነበር፤ እሷ ምንም አላለችም። ከእናቷ ምሕረት ይልቅ የእሷ ዝምታ ልክ ነው ብዬ ያዝኩ። ዶላር ከዚህ ወደዚያ መላክ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ የወንድሟን የኮሌጅ ክፍያ በብር እየከፈልኩ ነው። ዕዳው አላለቀም፤ ሒሳቡን እንደማንኛውም ደንበኛ መዝገብ ላይ ይዤዋለሁ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ በእኔ ምክር የቅጹን የስምምነት ሣጥን ወደ ሞላችሁት። ደብዳቤ እስኪመጣ አትጠብቁ። የተሳሳተውን መግለጫ በፎርም 1040-ኤክስ ራሳችሁ አርሙት፤ ቀድሞ ያረመና ተይዞ የሚጠየቅ ሰው እኩል አይታይም። የደመወዝ ወረቀታችሁን አውጡና ያቺን 7.65 በመቶ ፈልጉ፤ ተማሪ ሳላችሁ ከተቆረጠባችሁና ሦስቱ ዓመት ካላለፈ ገንዘባችሁ ነው። ገቢ ያልነበራችሁ ዓመት እንኳ ቢሆን ነዋሪ ያልሆነ ተማሪ ፎርም 8843 ማስገባት እንዳለበት አትርሱ። ስምምነት ባለን አገር፣ ለምሳሌ በእንግሊዝ ወይም በቻይና የምትማሩም ተጠንቀቁ። የተማሪ አንቀጽ እንደ ደንቡ የሚጠብቀው ለኑሮና ለትምህርት ከውጭ የሚላክላችሁን ገንዘብ ነው፤ ተመርቃችሁ እዚያው ተቀጥራችሁ የምታገኙትን ደመወዝ አይደለም።

እንደ እኔ ያለ የሰፈር አዋቂ «ስምምነት አለ» ካላችሁ ደግሞ የጸደቀበትን አዋጅ ቁጥር ጠይቁት። አገራችን የምትገባው የግብር ስምምነት በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቆ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል፤ ያለ ነገር ከሆነ ቁጥር አለው። ልጅቷ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ ቢሆን ኖሮ እደነግጥ፣ ገልጬም አይ ነበር። ግን ጋሼን ማን እንዲህ ብሎ ይጠይቃል? እንድትጠይቁ ፈቅጃለሁ።

ቁጥሬ አልተቀየረም፤ ደውሉልኝ። እንደ ድሮው ግን ወዲያው አልመልስም፤ አንብቤ እደውላለሁ።